አፈሙዝ ውስጥ የቀረ እርሳስ

ደብዳቤው የመጣው በጥር መጨረሻ፣ ሊበን በተቀበረ በሁለተኛው ወር ነው። አጭር ነበር። የፈቃዱ ባለቤት በሞት ስለተለየ በስሙ የተመዘገበው ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ በሠላሳ ቀን ውስጥ ተመላሽ ይደረግ ይላል፤ ከሥሩ ፊርማና ክብ ማኅተም አለበት። ሳጅን ከዲሮ መነጽራቸውን ጠርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ አራት ቦታ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና ምራታቸውን ሙቢናን፣ «የመሣሪያው ጉዳይ ነው» አሏት። ሌላ አልተናገሩም።

እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፤ አጥራችን አንድ ነው። የምጽፈውን ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ። የቀረውን ራሳቸው ነግረውኛል፤ ያውም ኋላ ላይ፣ ሰው ማናገር ሲጀምሩ።

ሳጅን ከዲሮ የተወለዱት ጮሌ ከተማ አጠገብ፣ ገብስ ከሚዘሩ ቤተሰቦች ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ፖሊስ ሆነው አሰላ ገቡ። ጽሕፈታቸው የሚነበብ፣ እጃቸውም የማይቸኩል ስለነበር ገና በሁለተኛው ዓመት መሣሪያ ግምጃ ቤት መደቧቸው፤ እዚያው ሠላሳ አንድ ዓመት ቆዩ። ባልደረቦቻቸው ሲሾሙና ሲዛወሩ፣ እሳቸው አንዲት ትንሽ መስኮት ባላት ክፍል ውስጥ ላምባና የመሣሪያ ዘይት እየሸተታቸው ሽጉጥና ጠመንጃ ሲፈቱ፣ ሲወለውሉ፣ መልሰው ሲገጥሙ ኖሩ። አንድ ፖሊስ የቆሸሸ መሣሪያ ይዞ ሲመጣ አይቆጡትም። አፈሙዙን ወደ መስኮቱ አዙረው ያያሉ፣ መሣሪያውን በጠረጴዛው ላይ ወደ ሰውየው መልሰው ይገፉታል፣ ከዚያ ጀርባቸውን ይሰጡታል። ሰውየው ወስዶ አጽድቶ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ኮማንደሩን ሳይቀር መልሰዋል ይባልላቸው ነበር።

ቤታቸውም እንዲሁ ነበሩ። ልጆቹ ሲያጠፉ ዝም፣ ደግ ሲሠሩም ዝም። የምታወራው ሚስታቸው ሀጂራ ነበረች። የልጆቹን ሐሳብ ለአባትየው፣ የአባትየውን ለልጆቹ የምትተረጉመው እሷ ነበረች። ከሰባት ዓመት በፊት ሀጂራ በስኳር በሽታ ስትሞት ቤቱ ውስጥ የሚተረጉም ጠፋ።

ሁለቱ ሴቶች ልጆች አግብተው ሄደዋል። ከአባትየው ጋር የቀረው ሊበን ነው። ሊበን የትራክተር ሹፌር ነበር፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ኦሮምኛውንና አማርኛውን በአንድ ትንፋሽ የሚያደባልቅ። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሞተሩን አልፎ በሚሰማ ድምፅ ሰላም ይለኛል። ሚስቱ ሙቢና የዴራ ልጅ ናት። አንዲት የአራት ዓመት ልጅ አለቻቸው፣ ቢፍቱ የምትባል።

በአባትና በልጁ መካከል ጠብ አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሊበን አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው አባትየው ወደ ፖሊስ የተኩስ ሜዳ ይዘውት ሄዱ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲለምናቸው የኖረ ነገር ነው። ስድስት ጥይት ሰጡት፤ ስድስቱም ዒላማውን ሳቱ። ባልደረቦቻቸው ቆመው ያያሉ። ሳጅን ከዲሮ ሽጉጡን ከእጁ ወሰዱና፣ «ይህን እጅ አላህ ለእርፍ ነው የፈጠረው» አሉ። ሰዉ ሳቀ፤ ሊበንም አብሮ ሳቀ። እሳቸው ነገሩን እዚያው ረሱት። ቀልድ ነበር። እንዲያውም በሕይወታቸው ከቀለዱት ጥቂት ቀልድ አንዱ ነበር።

ጡረታ ሲወጡ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለውን የስንዴ መሬታቸውን ለሊበን አስረከቡት፤ ከመሬቱ ጋር ከአጎታቸው የወረሱትን፣ በሕግ የተመዘገበውን አሮጌ ስድስት ጎራሽ በስሙ አዛወሩለት። በመኸር ጊዜ ክምር ላይ የሚያድር ሰው ባዶ እጁን አያድርም ብለው ነው። ከመስጠታቸው በፊት አጸዱት፣ ዘይት ቀቡት፣ በጨርቅ ጠቅልለው በብረት ሳጥን አስቀመጡለት። «ጠብቃት» አሉት። እንዴት እንደምትጸዳ አላሳዩትም። የማይተኩስ ሰው ማጽዳት ምን ያደርግለታል ብለው ነበር።

ሊበን የሞተው በኅዳር ነው። ጮሌ መንገድ ላይ ስንዴ የጫነ ተሳቢ እየጎተተ ቁልቁለት ሲወርድ ተሳቢው ገፋው፤ ትራክተሩ ተገለበጠ። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። ሬሳው በመጣ ቀን ሳጅን ከዲሮ አላለቀሱም። መቃብሩን ከሚቆፍሩት ጋር ቆመው የጉድጓዱን ጠርዝ በአካፋ ሲያስተካክሉ አይቻቸዋለሁ።

ደብዳቤው በደረሳቸው ማግሥት ጠዋት የብረት ሳጥኑን አውጥተው በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ዘረጉ። በሥራ ዘመናቸው የሚጠቀሙባት የመወልወያ ዘንግ አሁንም አለቻቸው። ለእሳቸው ነገሩ ቀላል ነበር። መዝገቡ ላይ የሚጻፈው የልጃቸው ስም ነው፤ ተረካቢው አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙሮ ሲያይ አቧራ እንዳያገኝ ብቻ አንድ ጊዜ ሊወለውሉት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ራሳቸው ያጸዱት፣ ከዚያ ወዲህ ያልተተኮሰ መሣሪያ ነው።

ጥይት የሚጎርሰውን መዘውር አወጡና በአፈሙዙ ውስጥ ወደ ሰማይ አዩ።

ጥሩ አፈሙዝ ውስጡ እንደ መስተዋት ነው። ጥይቱን እያሽከረከሩ የሚያወጡት ጠመዝማዛ ቦዮች ከጫፍ እስከ ጫፍ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ሳጅን ከዲሮ ያዩት ግን ግራጫ ነገር ነው። ቦዮቹ ተደፍነዋል። በመዘውሩ በኩል ባለው ጫፍ ላይ እንዲያውም አንድ ላይ ተድበልብለው ምንም አይለዩም። ንጹሕ ጨርቅ በዘንጉ አሳለፉ፤ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ሁለተኛውም ጥቁር ሆነ። ሦስተኛው ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ስስ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ተጣብቆ መጣ። በጥፍራቸው ሲጫኑት ታጠፈ።

እርሳስ ነው። ለስላሳ እርሳስ ጥይት በተደጋጋሚ ሲተኮስ፣ በየመሐሉ ካልተጸዳ፣ ከጥይቱ ላይ እየተፋቀ አፈሙዙ ውስጥ ይቀራል፤ በላዩ ሌላ ይደረብበታል። ይህን ያህል እንዲሆን ብዙ ጊዜ መተኮስ አለበት። አንድ ሁለት ቀን አይደለም፤ ወራት።

ሙቢና በሩ ሥር ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ባል የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤት ሳትርቅ የምትቆይበት የኢዳ ጊዜዋ ገና አላለቀም ነበር። ቢፍቱ አጠገቧ ትጫወታለች።

«ልጅቷን ወደ ውስጥ አስገቢያት» አሏት። «ይህ እርሳስ ነው፤ ብናኙ መርዝ ነው።»

ልጅቷን አስገብታ ስትመለስ ጠየቋት።

«ሊበን ይህን ሽጉጥ ይተኩስ ነበር?»

ሙቢና ሰፌዱን አንሥታ እንደገና መልቀም ጀመረች። «እኔ እንጃ፣ አባ።»

«ከሰው ጋር ተጣልቶ ነበር?»

«ሊበን ከማን ይጣላል?»

ዓይኗን ቀና አላደረገችም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰዎች ስለ መሣሪያቸው ሲዋሹ የሰሙ ሰው ናቸው፤ እንደምትደብቅ ገባቸው። አልጨቀጨቋትም። ዘንጉን አስቀምጠው እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና ታጠቡ፣ ሽጉጡን ሸፈኑት፣ ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠሩም።

ሁለት ሦስት ቀን እንዲህ ሆኑ። ምግብ አይበሉም። በኋላ እንደነገሩኝ አንዱ ሐሳብ ከሌላው ይብስባቸው ነበር። ልጄ ጠላት ነበረው፤ ፈርቶ ነበር፤ እኔም አላወቅኩም። ወይም ደግሞ ሰው ላይ ተኩሶ ነበር። ትራክተሩ ራሱ ተገለበጠ ወይስ አንድ ሰው አንድ ነገር አደረገ? መልስ የሚሰጣቸው ሲያጡ በአራተኛው ቀን ኮታቸውን ለብሰው ወደ ሚፍታ ሄዱ።

ሚፍታ የሊበን ጓደኛ ነው፤ አብረው የተማሩ ናቸው። ወደ በቆጂ በሚወስደው መውጫ ላይ ጎሚስታ ቤት አለው። ሳጅን ከዲሮ ሲደርሱ የአንድ ሚኒባስ ጎማ እየለጠፈ ነበር። ሲያያቸው ተነሥቶ እጁን በሱሪው ጠርጎ ሰላም አላቸው፣ ወንበር አቀረበላቸው። አልተቀመጡም። እግራቸው ሥር፣ መሬቱ ላይ፣ ጎማ ሲመዛዘን በቸርኬው ጠርዝ ላይ የሚሰኩ ትንንሽ የእርሳስ ቁራጮች ተበታትነዋል። አንዱን አንሥተው በጥፍራቸው ተጫኑት።

«ሊበን ከዚህ ይወስድ ነበር?»

ሚፍታ እጁን እንደገና በሱሪው ጠረገ።

«ለፖሊስ አይደለም የምጠይቅህ። እኔ አሁን ፖሊስ አይደለሁም። አባቱ ነኝ።»

«ሳጅን...» አለ ሚፍታ፤ ሚኒባሱን አየ፣ ሹፌሩ ሻይ ቤት መግባቱን አረጋገጠ። «ይወስድ ነበር። ጥይት አላገኘም። ዴራ አንድ ሽማግሌ አለ አሉት፤ አሮጌ ቀለህ እየሞላ የሚሸጥ። እርሳሱን እኔ ሰጠሁት። ስሕተት እንደሆነ አውቃለሁ።»

«በማን ላይ ነው የሚተኩሰው?»

«በማንም ላይ አይደለም። በቆርቆሮ ላይ ነው።»

ከዚያ ሚፍታ ነገራቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ የዘር ማባዣ እርሻ መሣሪያ መተኮስ የሚችሉ ጥበቃዎች ይፈልጋል። ቋሚ ሥራ ነው፣ ዩኒፎርም አለው፣ ሰው ማታ ቤቱ ይገባል። ሊበን በየወረዳው ትራክተር ይዞ መንከራተት ሰልችቶት ነበር፤ ቢፍቱም ሳታየው እያደገች ነው። ግን የተኩስ ፈተና አለ። ከስድስት ጥይት አራቱን ዒላማ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። ከግንቦት ጀምሮ ሥራ ባልወጣበት ዓርብ ሁሉ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ማንም ወደማይሠራበት የድንጋይ ካባ እየሄደ ይለማመድ ነበር።

«ለምን አልነገረኝም?» አሉ ሳጅን ከዲሮ።

«ዩኒፎርሙን ለብሶ ሊመጣብዎት ነበር። ሌላ ምን ይፈልግ ነበር? ያንን ብቻ ነበር የሚያስበው።»

«ፈተናውስ?»

«አልሄደም።»

«ለምን?»

ሚፍታ ጎማውን በእግሩ ገፋ አደረገው። «መጀመሪያ ጥሩ ሆኖ ነበር። በነሐሴ ከስድስቱ አምስቱን ያስገባበት ቀን አለ፤ እኔ ነበርኩ። ከዚያ እየባሰ ሄደ። በመስከረም ሦስት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አንድ። በልምምድ ይሻሻላል እንጂ ይብሳል እንዴ? ግራ ገባው። መጨረሻ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እጁን እያየ፣ 'አባቴ እውነቱን ነው፤ ይህን እጅ ለእርፍ ነው የፈጠረው' አለኝ። ከዚያ በኋላ አልሄድንም።»

ሳጅን ከዲሮ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ንግግሩን ያስታወሱት ያኔ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ትዝ ብሏቸው አያውቅም።

ከወንበሩ ተነሥተው፣ «ካባውን አሳየኝ» አሉት።

ሚፍታ ሱቁን ዘግቶ ባጃጅ ጠራ። ከዋናው መንገድ ወርደው የመጨረሻውን ቁራጭ በእግራቸው ሄዱ። የታጨደው ማሳ ገለባ ብቻ ቀርቶበታል፤ ንፋሱ ከጭላሎ ተራራ ይወርዳል። ካባው ቀይ ድንጋይ የተቆረጠበት ጎድጓዳ ቦታ ነው። ሚፍታ ከአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር አራት የተደፈጠጡ የዘይት ቆርቆሮዎች አወጣ። ሊበን በእያንዳንዱ ላይ በከሰል ክብ ሠርቶበታል፣ ጥግ ላይ ወሩን ጽፎበታል። አይጥላቸውም ነበር፤ አዲሱን ከድሮው ጋር ያስተያያል።

ሳጅን ከዲሮ በወራቸው ቅደም ተከተል መሬት ላይ ደረደሯቸውና ተንበረከኩ።

የሰኔው ላይ ቀዳዳዎቹ ተበታትነዋል፤ የጀማሪ ሰው ነው። የነሐሴው ላይ ግን ተሰብስበዋል። አንድ ቦታ ላይ አራቱ በአንድ መዳፍ ሊሸፈኑ ይችላሉ። እጃቸውን አስቀምጠው ለኩት፤ ተሸፈኑ። በሥራ ዘመናቸው እንዲህ የሚተኩሱ ብዙ ፖሊሶች አላዩም። ወደ መስከረሙ ሲያልፉ እጃቸው ቆመ። ቀዳዳዎቹ እንደገና ተበታትነዋል፤ ግን ከሰኔዎቹ ይለያሉ። ክብ አይደሉም። ረዘም ረዘም ያሉ ናቸው፣ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ። የጥቅምቱ ላይ ሁለት ብቻ አሉ፤ ሁለቱም ረጃጅም፣ አንደኛው የቆርቆሮውን ጠርዝ ቀዷል።

«ሚፍታ፣ ይህን ታያለህ?»

«አያለሁ።»

«ጥይቱ በጎኑ ነው የገባው። ጥይት በደህና አፈሙዝ ከወጣ እየተሽከረከረ በአፍንጫው ነው የሚገባው፤ ቀዳዳው ክብ ይሆናል። ቦዮቹ በእርሳስ ሲደፈኑ ግን የሚያሽከረክረው የለም። እየተንከባለለ ይሄዳል። የፈለገ አነጣጣሪ ቢሆን፣ የፈለገ እጅ ቢኖረው፣ አይመታም።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እጁ አልነበረም። አፈሙዙ ነው። በጊዜው ቢጸዳ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።»

ሳጅን ከዲሮ እዚያው እንደተንበረከኩ ቆዩ። በቀብሩ ቀን ያላለቀሱትን ያን ዕለት ካባው ውስጥ አለቀሱ። ሚፍታ ፊቱን ወደ ድንጋዩ አዙሮ ጠበቃቸው።

የነሐሴውን ቆርቆሮ ብቻ ይዘው ተመለሱ። ሙቢና በረንዳው ላይ ነበረች። ቆርቆሮውን ስታይ የምትለቅመውን አቆመች፤ የት እንደነበሩ ለመጠየቅ አላስፈለጋትም።

«እንዳልናገር አስምሎኝ ነው፣ አባ» አለች።

«አልወቅስሽም።» ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «እጁ ደህና ነበር። ይህንን ነው ልነግርሽ የመጣሁት። ከደህናም በላይ ነበር። መሣሪያው ነው ያበላሸው። ቢያሳየኝ ኖሮ፣ አንድ ቀን 'አባ፣ ይህን እይልኝ' ቢለኝ ኖሮ፣ ገና ከደጅ ሳየው አውቀው ነበር።»

ሙቢና ሰፌዱን ወደ ጎን አኖረች። ከዚያ ቀስ ብላ ተናገረች።

«የፈተናው ቀን ጠዋት ልብሱን ለብሶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሂድ አልኩት። 'የሳጅን ከዲሮ ልጅ ስድስቱንም ሳተ ከሚባል ብቀር ይሻላል' አለኝ። ልብሱን አወለቀ። በማግሥቱ የጮሌውን የመኸር ሥራ እሺ አላቸው።»

«እኔ ነኝ የገደልኩት ማለት ነው።»

«እንዲህ አይበሉ፣ አባ። ቀኑን የቆረጠው አላህ ነው። ጥበቃ ቢሆንም ቀኑ አይቀርም ነበር።» ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። «ግን አዝኖ ነበር። ያንን አልዋሽዎትም። አዝኖ ነው የሄደው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ባትነግራቸው ይሻል ነበር ይል ይሆናል። እሳቸው ግን ለእኔ ሲነግሩኝ፣ «ከሬሳው ቀን ጀምሮ ሁሉም ሲያጽናናኝ ነበር፤ እውነቱን የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት» ነው ያሉት።

በማግሥቱ ማጽዳት ጀመሩ። ሦስት ቀን ፈጀባቸው። አፈሙዙን በአንድ ጫፍ በቡሽ ደፍነው ላምባ ሞሉበትና አሳደሩት። ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠኑትን የመዳብ ሽቦዎች መዝዘው በነሐስ ብሩሻቸው ላይ ጠመጠሙ፤ መዳብ ከእርሳስ ይጠነክራል፣ ብረቱን ግን አይቧጭርም። ከዚያ ሳይቸኩሉ ወደ ውስጥ፣ ወደ ውጭ። እርሳሱ በቅርፊት በቅርፊት ወጣ። በሥሩ በዘረጉት ጋዜጣ ላይ እየተጠራቀመ ሄደ፤ ቢፍቱን ወደ በረንዳው አላስቀረቧትም። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ የዘንጉን ድምፅ እሰማለሁ። አንዳንድ ጊዜ ይቆማል፣ ብዙ ይቆያል፣ እንደገና ይጀምራል።

እርሳሱ ተነሥቶ ካለቀ በኋላ ከሥሩ ሌላ ነገር አገኙ። በመዘውሩ በኩል ባለው ጫፍ፣ ብረቱ ላይ፣ አራት አምስት ጭረቶች አሉ። የምስማር ጭረቶች ናቸው። ሊበን አንድ ነገር እንደተጣበቀ አይቷል ማለት ነው። ምን እንደሆነ ባያውቅም በምስማር ሊፍቀው ሞክሯል። አልቻለም፤ ተወው። አባቱ ከእሱ ክፍል በአንድ ግድግዳ ተለይተው ይተኛሉ፤ ዘንጉም ብሩሹም አልጋቸው ሥር ነው። ያንን ጭረት ባገኙበት ቀን ሥራውን አቋርጠው ከግቢ ወጡ። እስከ መግሪብ ድረስ አልተመለሱም። የት እንደሄዱ አልጠየቅኳቸውም፤ ጫማቸው ላይ የነበረው አፈር የመቃብሩ ቦታ ቀይ አፈር ነበር።

ሽጉጡን ሊመልሱ ሲሄዱ አብሬያቸው እንድሄድ ጠየቁኝ። ከጉርብትናችን ወዲህ አንድ ነገር ሲጠይቁኝ የመጀመሪያቸው ነው። ተረካቢዋ ወርቅቱ የምትባል ወጣት ፖሊስ ነበረች። ስማቸውን ታውቃለች፤ ቆማ ተቀበለቻቸው። ቁጥሩን ከመዝገቡ ጋር አመሳከረች፣ መዘውሩን አወጣች፣ አፈሙዙን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«እንዲህ ያለ ንጹሕ መሣሪያ ተመላሽ ሲሆን አይቼ አላውቅም» አለች። «ልጅዎ አደራውን ጠብቋል፣ ሳጅን። የአባቱ ልጅ ነው።»

ሰው በዚህ ጊዜ ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። እሳቸው ግን፣ «ያጸዳሁት እኔ ነኝ» አሉ። «እሱ እንዴት እንደሚጸዳ አያውቅም ነበር። አላስተማርኩትም።»

ወርቅቱ ግራ ገብቷት እኔን አየች። ተመልሳ ወደ አፈሙዙ ስታይ ጭረቶቹን አገኘቻቸው። «እዚህ ጋ ትንሽ ጭረት አለ። ባልጽፈውም ምንም አይደል።»

«ይጻፍ» አሉ። «ያለውን ሁሉ ጻፊው።»

ጻፈችው። ፈረሙ። የደረሰኙን ቅጂ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና ወጣን።

ከዚያ በኋላ ነው መናገር የጀመሩት። ብዙ አይደለም። ጠዋት አጥሩ ላይ ተደግፈው ሰላም ይሉኛል፣ ከሰላምታው በኋላ አይሄዱም፤ ቆመው ይቆያሉ፣ አንድ ነገር ይነግሩኛል። ሚፍታንም ሄደው የሻይ ሰዓቱ ላይ አብረውት ይቀመጣሉ። ስለ ጥይቱና ስለ እርሳሱ ዳግመኛ አላነሡበትም። እሱ ግን እሳቸው በመጡ ቁጥር መሬቱን ቀድሞ ይጠርጋል።

የሙቢና ኢዳ በሚያዝያ መጀመሪያ አለቀ። ወንድሟ ከዴራ መጣ። ገና ወጣት ናት፤ ቤተሰቦቿ እዚያ ናቸው፤ በአንድ ሽማግሌ ቤት ለዘላለም ትቀመጥ አይባልም። ሳጅን ከዲሮ ይህን ከማንም ቀድመው ያሉት ራሳቸው ናቸው። እኔና እሳቸው መናኸሪያ ድረስ ሸኘናቸው። ቢፍቱን አንሥተው አውቶቡሱ ውስጥ እናቷ ጭን ላይ አስቀመጧት። የነሐሴው ቆርቆሮ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከሙቢና ዕቃዎች ጋር ነበር። ለቢፍቱ ስታድግ የምሰጣት ነው ብላ ጠይቃቸው ሰጥተዋታል።

አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ሙቢና በመስኮቱ አንገቷን አወጣች።

«አባ፣ ሊበን አንድም ቀን ተቀይሞዎት አያውቅም። ይህንንም ይወቁት።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉ። «ቢቀየመኝ ኖሮ አንድ ቀን ይናገረኝ ነበር።»

ወደ ቤት ስንመለስ ዝናብ ጀመረ። በራቸው ላይ ስንደርስ ግባ አሉኝ። በስምንት ዓመት ጉርብትና ያንን ቤት የገባሁት ለሀጂራና ለሊበን ለቅሶ ብቻ ነው። ሳሎኑ ንጹሕ ነበር፤ ወንበሮቹ ግድግዳውን ተከትለው ቀጥ ብለው ተደርድረዋል። እሳቸው አንዱ ላይ፣ እኔ ሌላው ላይ ተቀመጥን።

«ሊበን ሲያርስ አይተኸው ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አላየሁም።»

«እኔ አይቻለሁ። መሬቱን በሰጠሁት ዓመት ሳልነግረው ሄጄ ከዛፍ ሥር ሆኜ አየሁት። ያ መሬት ተዳፋት ነው፤ ትራክተር ያንሸራትታል። ትልሙን ከዳር እስከ ዳር በክር እንደተሰመረ ነው ያወጣው። አባቴ በበሬ እንዲህ አያርስም ነበር። እኔም አላርስም።»

መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ከዚያ ወደ ቤት መጣሁ። ማታ ሲመጣ፣ 'ናፍጣው በቃህ ወይ?' አልኩት። በቃኝ አለ። ሌላ ያልኩት ነገር የለም» አሉኝ።